ጥርሷ ያልታየች ፍየል

የዋግ ሰው ፍየል ሲገዛ አይታችኋል? ሰቆጣ ገበያ ቆሞ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል፣ ወገቧን ይዳብሳል፣ በኽምጠኛም በአማርኛም ይከራከራል። ሻጩ የማን ልጅ እንደሆነ ካላወቀ ብሩን ከኪሱ አያወጣም። ይኸው ሰው የብዙ ፍየል ዋጋ የሚያወጣ ስልክ ሲሆን ግን በቴሌግራም ፎቶ አይቶ፣ ቀብድ ሳይሆን ሙሉውን በቴሌብር ልኮ፣ መናኸሪያ ቆሞ እንዲጠብቅ ይመከራል። «ዘመኑ ነው፤ ኦንላይን ይረክሳል» ይሉናል የአዲስ አበባ መካሪዎች።

እኔ ደግሞ አይረክስም እላለሁ!

የአዲስ አበባው ገዢ ዕቃው ፎርጂድ ቢሆንበት ታክሲ ይዞ መርካቶ ይወርዳል፣ ይጨቃጨቃል። የሰቆጣው ከማን ጋር ይጨቃጨቅ? «ብሎክ» ካደረገው ሰው ጋር? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የዛሬው ጅብ መንገድ መሄድም አላስፈለገው፤ ስሙን ለውጦ ሌላ ቻናል ከፈተ ማለት አገር ቀየረ ማለት ነው።

የኤሌክትሮኒክስ ክፋቱ ደግሞ ጉዱ ቶሎ አለመውጣቱ ነው። «256 ጊጋባይት» ተብሎ የተሸጠ የውሸት ሚሞሪ ካርድ ሲሰካ 256 ያሳያል፤ እንዲዋሽ ተደርጎ ነዋ የተሠራው። የሚጋለጠው እውነተኛው ቦታ ሞልቶ የሠርጉ ቪዲዮ ሲጠፋ ነው። ያን ጊዜ «ና፣ የሸጥክልኝን እይ» የሚባል ሰው ያስፈልጋል። ኔትወርክስ ቢሆን? በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2013 እና በ2014፣ ዋግ ስልክ ተቋርጦበት ከርሟል። በ2015 ክረምትም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቷል። ኔትወርኩ የሄደ ዕለት ሻጩም አብሮ ይሄዳል።

ይህን ስል ባለሱቆቻችን እንዳያጨበጭቡ! ሕዝቡን ወደ ቴሌግራም የገፋው ማን ሆነና? ደረሰኝ ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጠቁር፣ ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብሎ የሚለጥፍ ነጋዴ በምን ይሻላል? በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 እንከን ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል ይላል። የግድግዳ ወረቀት ከአዋጅ ይበልጣል እንዴ? የሰቆጣ ገዢ ግን ይህችም ታጥርበታለች፤ ቀኑ የሚቆጠረው ከግዢው ዕለት ነውና ዕቃው ገና መንገድ ላይ ሳለ መንጎድ ይጀምራል።

እንግዲህ የምለው አጭር ነው። አድራሻና ደረሰኝ ለማይሰጥ ሻጭ ብር አይላክ። ስልኩ ሲመጣ *#06# ተደውሎ የሚወጣው ባለ 15 አሃዝ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ ይሁን። የንግድ መምሪያዎችም ያንን ወረቀት ከየሱቁ ግድግዳ ያስነሡ። ፈቃዱንና ሱቁን የሚያሳይ የቴሌግራም ነጋዴ ካለ እሰየው፣ እኔም እገዛዋለሁ። አድራሻ የሌለው ግን ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ ይቅርብን።