ሁሉን ነገር «ኔትወርክ ነው» አትበሉን!

ወዳጆቼ፣ በተለይ ኮምፒውተር ጥገና የከፈታችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣችሁ ነው። ብትቀየሙም እውነቱን ልንገራችሁ።

ሰሞኑን እዚሁ መካነ ሰላም አንድ ወዳጄ ቤት ተጠራሁ። ቤቱ ውስጥ 3 ኮምፒውተር አለ፤ ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። የድሮ ፈተና ሊያወርድ ሲል ገጹ አልከፍት ይለዋል። «ቲቸር፣ ኔትወርኩ ገደለን» አለኝ። እስካሁን ምን አደረጋችሁ ብዬ ብጠይቅ፣ 3ቱንም ፎርማት አስደርገዋል፤ ፓኬጁንም ከፍ አድርገዋል። ለሁለቱም ብር ወጥቷል፤ ለውጥ ግን የለም። አሁን ደግሞ «ራውተር ይቀየር» ተብለዋል።

ኧረ እናስተውል! 3 ኮምፒውተር በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት በሽታ ከያዘው፣ በሽታው የኮምፒውተሩ ነው?

ቁጭ ብዬ አየሁት። ገጹ ለብዙ ሰከንድ ዝም ይላል፣ ከዚያ ግልብጥ ብሎ ይመጣል። መስመሩ ቢሆን ኖሮ የደከመው ቶሎ ጀምሮ እየተንጠባጠበ ነበር የሚመጣው። ቴሌግራም ደግሞ ደህና ይሠራል፤ የሰርቨሮቹን ቁጥር አፑ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ ስም መጠየቅ አያስፈልገውም። ፒንግ 8.8.8.8 ብዬ ስጽፍ ወዲያው መለሰ። በቁጥሩ ፋንታ የድረ ገጽ ስም ስጽፍ ግን ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ መለሰ። በቃ! መንገዱ ደህና ነው። የታመመው ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው።

አይፒኮንፊግ ብዬ ሳይ ራውተሩ ለሁሉም ኮምፒውተር 2 የዲኤንኤስ አድራሻ ይሰጣል። አንደኛው ራውተሩን የገጠመው ሰው ከሆነ መሥሪያ ቤት የገለበጠው፣ ከዚያ ግቢ ውጭ የማይሠራ የውስጥ አድራሻ ነው። በኤንኤስሉክአፕ ለየብቻ ብጠይቃቸው አንደኛው ዝም፣ ሁለተኛው ከች። ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ሰው የለቀቀውን ቤት መጀመሪያ ያንኳኳል፤ መልስ ሲያጣ ነው ወደ ጎረቤት የሚሄደው። አንድ ገጽ ደግሞ ብዙ ስም ይጠይቃል።

ፎርማቱ ያልረዳው ለዚህ ነው፤ አዲሱ ዊንዶውስም ያንኑ የሞተ አድራሻ ከራውተሩ ይቀበላል። ፓኬጁም አልረዳም፤ የስም ጥያቄ ጥቂት ባይት ብቻ ናት፤ በር የሚከፍት ከሌለ መንገዱን ብታሰፋው ምን ዋጋ አለው? የሞተውን አድራሻ ከራውተሩ አወጣሁ፣ ኮምፒውተሮቹን አጥፍቼ አበራሁ፣ አለቀ። የአንድ ቤተሰብ ብር የተበላው በአንድ መስመር ቁጥር ነው።

ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የእኔም ነው። «ዲኤንኤስ የምን ምህፃረ ቃል ነው?» ብዬ ፈተና አውጥቻለሁ፤ 1 ማርክ። በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ እንደነደፈው አስተምሬያለሁ። «ሲታመም ምን ይመስላል?» ብዬ ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋችሁም። ትርጉም ሸምድዶ ያለፈ ተማሪ ባለሙያ ሲሆን ፎርማት ቢያደርግ ምን ይገርማል?

«እኛ አገር ኔትወርክ እኮ የእውነት ይጠፋል» የምትሉኝ አትጠፉም። ልክ ናችሁ። በ2015 መጨረሻ በክልላችን ኢንተርኔት ሲቋረጥ የትኛውም ሴቲንግ አያመጣውም ነበር። ግን ያ ሁሉ ጊዜ ክፉ ልማድ ጥሎብን ሄደ፤ ኔትወርክ ባለበት ቀንም «ኔትወርክ የለም» ብለን መመርመር ተውን። ለሰነፍ ባለሙያ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ብር ከመቀበላችሁ በፊት 3 ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ችግሩ ያለው በአንድ ኮምፒውተር ነው ወይስ በሁሉም? ሁለተኛ፣ በቁጥርና በስም ፒንግ አድርጋችሁ አወዳድሩ፤ በቁጥርም ከዘገየ ያኔ መስመሩን ጠርጥሩ። ሦስተኛ፣ ራውተሩ የሚሰጠውን የዲኤንኤስ አድራሻ አንድ በአንድ ጠይቁ። ሳይመረምር መርፌ የሚወጋ ሐኪም ዘንድ እናታችሁን ትወስዳላችሁ?

ወላጆች፣ እናንተም «ፎርማት ይደረግ» ሲሏችሁ «ምኑ ነው የዘገየው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው ብራችሁን ያዙ።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩትና ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ይሄኛው ማርክ የለውም!