የባለጠጋው ሞትና የቀረው ሀብት

ባለፈው ሰሞን ለተማሪዎቼ የናቡቴን ታሪክ አስተምር ነበር። ንጉሡ አክዓብ የጎረቤቱን የወይን ቦታ እንደ ተመኘ፥ ኤልዛቤልም በሐሰት ምስክሮች ባለርስቱን እንዳስገደለችው፥ ንጉሡም ርስቱን ሊወርስ በወረደ ጊዜ ነቢዩ ኤልያስ በዚያው ቦታ ተገናኝቶ ኃጢአቱን ፊት ለፊት እንደ ነገረው ተረክሁላቸው። ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ፥ «መምህር፥ ኤልያስ ባይመጣ ኖሮ የሟቹ ደም ምን ይሆን ነበር? ርስቱስ ለማን ይቀር ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል አልነበረምና «ነገ እመልስልሃለሁ» ብዬ አሰናበትሁት። ማታ ነገሩን ሳወጣና ሳወርድ፥ ኤልያስ ያልመጣበት አንድ የውጭ አገር ታሪክ ትዝ አለኝ። ለልጁ የነገርሁትን ለእናንተም እነሆ፤ ዓመቶቹን የምጽፈው፥ ሌላ ካላልሁ በቀር፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ነገሩ የሆነው ባሃማስ በሚባሉት ደሴቶች ነው። እነዚህ ደሴቶች ከፍሎሪዳ በስተ ምሥራቅ በአትላንቲክ ባሕር ላይ ይገኛሉ፤ ነጻነታቸውን ያገኙት በ1973 ስለ ሆነ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ግዛት ሥር ነበሩ። ገዢያቸውም በ1936 የእንግሊዝን ዙፋን የለቀቁት፥ በኋላ የዊንድሶር መስፍን የተባሉት ኤድዋርድ 8ኛ ነበሩ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የዘውድ በዓል የእንግሊዝን ንጉሥ ወክለው የመጡት የግሎስተር መስፍን የእኚሁ ሰው ታናሽ ወንድም ናቸው።

በዋና ከተማዪቱ በናሶ ሰር ሃሪ ኦክስ የሚባል ባለጠጋ ይኖር ነበር። በ1874 በአሜሪካ በሜይን የተወለደ፥ የሕክምና ትምህርቱን አቋርጦ በ1898 ወርቅ ፍለጋ ወደ ሰሜን የወጣ ሰው ነው። ከአላስካ እስከ አውስትራሊያ ድረስ ከ10 ዓመት በላይ ተንከራተተ፤ ተራበም፤ ተስፋ ግን አልቆረጠም። በመጨረሻ በ1912 በካናዳ፥ በኦንታሪዮ ክፍል፥ ኪርክላንድ ሌክ በተባለ ቦታ የፈለገውን አገኘ፤ ሌክ ሾር የተባለው የወርቅ ማዕድኑም በምዕራቡ ዓለም ከታወቁት ታላላቅ ማዕድናት አንዱ ሆነ። በ1923 ዩኒስ የምትባል አውስትራሊያዊት አግብቶ አምስት ልጆች ወለደ። የካናዳ ግብር ቢከብደው የገቢ ግብር ወደሌለበት ወደ ባሃማስ ተሻገረ። በዚያም መሬት ገዛ፥ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራ፥ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነ፤ በ1939ም ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የባሮኔት ማዕረግ ተቀበለ።

ሀብቱ ቤቱን ሞላው እንጂ ሰላምን አላመጣለትም። ታላቂቱ ልጁ ናንሲ በ1942፥ 18 ዓመት በሞላት በሁለተኛው ቀን፥ ወላጆችዋን ሳታማክር አልፍሬድ ደ ማሪኒ የሚባል ሰው አገባች። እርሱ የሞሪሸስ ተወላጅ፥ ዕድሜውም ከ30 ዓመት ያለፈ፥ ሁለት ጊዜ አግብቶ የፈታ ነበር። አባትና አማች ከዚያ ወዲህ አልተስማሙም፤ ጠባቸውም በናሶ አደባባይ የሚወራ ሆነ።

በእኛ አቆጣጠር ለሐምሌ 1 ቀን 1935 ዓ.ም. አጥቢያ፥ ማለት በፈረንጆች ሐምሌ 8 ቀን 1943፥ በናሶ ላይ ብርቱ ዝናብና ነፋስ አደረ። ሚስቱና ልጆቹ በደሴቲቱ አልነበሩም። በዚያ ሌሊት በሰር ሃሪ ቤት አብሮት ያደረው ወዳጁ፥ የመሬት ሻጩ ሃሮልድ ክሪስቲ ነው። ማለዳ ክሪስቲ ወደ መኝታ ቤቱ ቢገባ ወዳጁን ሞቶ አገኘው። በራሱ ላይ አራት ቁስል ነበረበት፤ አልጋውም በእሳት ተለብልቦ ነበር፤ ከትራስ የወጣ ላባም በሬሳው ላይ ተበትኖ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው በጥያቄ ላይ ተደራረበ። አንደኛው ጥያቄ ስለ ምርመራው ነው። የዊንድሶር መስፍን ወሬው እንዳይወጣ ለመከልከል ሞከሩ፤ ነገር ግን አንድ የናሶ ጋዜጠኛ ቀድሞ ወደ ውጭ አገር በሽቦ አስተላልፎት ነበር። ቀጥሎም ምርመራውን ለአገሩ ፖሊስ በመተው ፈንታ ከማያሚ መልቸንና ባርከር የተባሉ ሁለት መርማሪዎችን አስመጡ። እነዚህም ሁለት ቀን ሳይሞላ አማቹን ደ ማሪኒን አስያዙ። የሰጡት ምክንያት ሁለት ነው፤ ይኸውም ከአማቱ ጋር የነበረው ጠብና በሚስቱ በኩል ሊደርሰው የሚችለው ሀብት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጣት አሻራው ነው። ባርከር በሟቹ መኝታ ቤት ከቆመው የቻይና መጋረጃ ላይ የደ ማሪኒን የትንሽ ጣት አሻራ አነሣሁ አለ። ጠበቃው ጎድፍሬይ ሂግስ ግን አሻራው ከተነሣበት ነገር በስተኋላ የሚታየው መልክ ከመጋረጃው ጌጥ ጋር እንደማይመሳሰል አሳየ። ተከሳሹም ከግድያው በኋላ ለጥያቄ ወደዚያው ቤት ተወስዶ ስለ ነበረ፥ አሻራው ያን ጊዜ በሌላ ዕቃ ላይ ያረፈ ሊሆን ይችላል ተባለ።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ክሪስቲ ነው። እርሱ ሌሊቱን ከዚያ ቤት ሳልወጣ አድሬአለሁ፥ ዝናቡና ትንኙ ቀሰቀሱኝ እንጂ ከወዳጄ ክፍል ምንም አልሰማሁም ብሎ መሰከረ። ሲርስ የተባለ የፖሊስ ሹም ግን እኩለ ሌሊት ገደማ ክሪስቲን በናሶ ከተማ በመኪና ተቀምጦ ሲያልፍ አይቼዋለሁ አለ። ከሁለቱ አንዱ ተሳስቶአል፤ ማን እንደ ተሳሳተ ግን ፍርድ ቤቱ አልቈረጠም። በክሪስቲም ላይ ክስ አልቀረበም። የተመታበትም መሣሪያ አልተገኘም።

ፍርዱ በጥቅምት 1943 ተጀምሮ በኅዳር አለቀ። በዚያ ችሎት ከሁሉ የሚያሳዝነው ነገር የቤተሰቡ መከፈል ነው። እናት ለዐቃቤ ሕግ ስትመሰክር፥ የ19 ዓመት ልጅዋ ናንሲ በበኩልዋ ለባልዋ መሰከረች፤ ሬይመንድ ሺንድለር የተባለውንም የታወቀ የግል መርማሪ ከአሜሪካ ያስመጣችው እርስዋ ናት። አንዲቱ ባልዋን፥ አንዲቱ አባትዋን አጥተው አብረው ማልቀስ ሲገባቸው፥ በአንድ አዳራሽ ውስጥ በሁለት ወገን ተቀመጡ። ከ12ቱ ዳኞች 9ኙ ተከሳሹ ነጻ ነው አሉ፤ ነገር ግን ከአገር እንዲወጣ አሳሰቡ። ነጻ ነው የተባለ ሰው እንዲባረር መጠየቁም ራሱን የቻለ እንቆቅልሽ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ደም ለፍርድ የቀረበ ሌላ ሰው የለም።

ሀብቱስ ምን ሆነ? ሕዝቡ ስለ ወርቁ ብዛት ያወራው ሌላ፥ ተቈጥሮ የተገኘው ሌላ ሆነ፤ የተገኘው ከተወራው በእጅጉ ያንስ ነበር። ማዕረጉ ለበኵር ወንድ ልጁ ለሲድኒ ተላለፈ፤ እርሱም በ1966 በመኪና አደጋ ሞተ። ፒት የተባለው ወንድሙ ከእርሱ በፊት በወጣትነቱ አርፎ ነበር። የናንሲ ትዳርም በ1949 በፍርድ ፈረሰ። ደ ማሪኒ በ1990 ባወጣው መጽሐፍ ክሪስቲን ወነጀለ፤ ክሪስቲ ግን በ1973 ስለ ሞተ መልስ ሊሰጥ አልቻለም። ሌሎች ጸሐፊዎች ስለ ቁማር ቤት፥ ስለ ወንበዴዎች፥ ስለ ድብቅ ገንዘብ ጻፉ፤ ማስረጃ ያመጣ ግን አልተገኘም። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ወራሾቹ የወረሱት ወርቁን ብቻ አይደለም፥ ጥርጣሬውንም ጭምር ነው። ወርቅ ይከፋፈላል፤ ጥርጣሬ ግን ለእያንዳንዱ ሙሉውን ይደርሰዋል።

በእንግሊዝ ሕግ ነፍሰ ገዳይ ከገደለው ሰው ሀብት እንዲጠቀም አይፈቀድለትም። በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አውራሹን አስቦ በመግደል የተፈረደበት ሰው ለመውረስ ያልተገባ ነው ይላል። ነገር ግን ሕጉ «የተፈረደበት» ማለቱን አስተውሉ። ገዳዩ ካልታወቀ የሕጉ እጅ አጭር ነው። ሐሜት ወራሽን ከውርስ አያስወጣም፤ ሊያስወጣም አይገባም። አባቶቻችን ጥፋተኛ ሲሰወር የአገሩን ሰው ሰብስበው አውጫጭኝ ያደርጉ የነበረው ይህን ችግር ስለሚያውቁ ነው።

ስለዚህ የቤት አባትና የቤት እናት ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይውሰዱ። የመጀመሪያው ኑዛዜን በጊዜው ማድረግ ነው። በሕጋችን መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ በራስ እጅ የሚጻፈው ደግሞ ሁለንተናው በተናዛዡ ጽሕፈት መሆን አለበት፤ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠም ከ7 ዓመት በኋላ ይፈርሳል። የተጣራ ኑዛዜ ያለበት ቤት ኀዘን ሲገባ ቢያንስ አንድ የጠብ በር ተዘግቶ ይቆያል። ሁለተኛው ከአማች፥ ከምራት፥ ከልጅ ጋር ያለን ቂም ሳያሳድሩ መጨረስ ነው። ሰር ሃሪና አማቹ ታርቀው ቢሆን ኖሮ ሞቱ ምናልባት አይቀርም ነበር፤ ጣት ግን በአንድ ሌሊት ወደ ልጁ ቤት ባልተቀሰረ፥ እናትና ልጅም በችሎት ባልተያዩ ነበር።

በማግሥቱ ተማሪዬን ጠርቼ ይህን ሁሉ ነገርሁትና እንዲህ አልሁት። ኤልያስ ባይመጣ ኖሮ ሰዎች ገዳዩን ሳያውቁ፥ ርስቱም ለአክዓብ ቀርቶ ሊኖር ይችል ነበር። ነገር ግን በናቡቴ ታሪክ ውስጥ ያለው ክፋት ርስት ፈልጎ መግደል ብቻ አይደለም፤ ናቡቴ የሞተው በሐሰት ምስክር ነው። ገዳይ ባልታወቀ ጊዜ እውነቱን ለማግኘት ተግቶ መመርመር ይገባል፤ በችኮላ አንድ ሰው ፈልጎ ማስረጃ የሚሰፋለት ግን በአንዱ ናቡቴ ላይ ሌላ ናቡቴ ይጨምራል። በናሶ 9 ዳኞች በዚያች የጣት አሻራ ላይ አንድ ነፍስ ለመስቀል እምቢ አሉ። የሰር ሃሪ ደም እስከ ዛሬ ምላሽ አላገኘም፤ በእርሱ ምክንያት ግን ሌላ ደም በስሕተት አልፈሰሰም።

ልጁ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «እንግዲያስ መምህር፥ የማናውቀውን አናውቅም ማለትም ፍርድ ነው» አለኝ። እኔም ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።