የወንጭፉ ክንድና የአሠልጣኙ ደብተር

ደቡብ ኦሞን ጎብኝተው የሚመለሱ የስፖርት ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት፣ ሰሞኑንም እንደ አዲስ ግኝት ተመልሶ የተሰማ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም የአካባቢው ልጅ ማሽላ ማሳ ላይ ወንጭፍ እያወናጨፈ፣ ጦርና ዱላ እየያዘ ያደገ በመሆኑ ክንዱ በተፈጥሮ የተዘጋጀ ነው፣ የጎደለው ጦሩን ወይም ኳሱን የሚያቀብለው ሰው ብቻ ነው የሚል ነው። አባባሉ ሙገሳ ይመስላል። ይሁን እንጂ ታዳጊን እንደ ማዕድን «ተገኘ» ብሎ የሚጀምር ንግግር አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው የማዕድን ቁፋሮ በሚያበቃበት መንገድ ነው፤ የተፈለገው ይወሰዳል፣ ጉድጓዱ ለባለቤቱ ይቀራል።

ውርወራ ለዓይን የክንድ ሥራ ቢመስልም ጉልበቱ የሚነሳው ከእግር ነው፤ ከእግር ወደ ዳሌ፣ ከዳሌ ወደ ወገብና ትከሻ እየተሸጋገረ ሄዶ ክርን ላይ ሲደርስ፣ በክርኑ የውስጥ ጎን የላይኛውንና የታችኛውን የክንድ አጥንት አያይዞ የሚገኝ አንድ አጭር ጅማት ከጭነቱ ትልቁን ድርሻ ይሸከማል። በቤዝቦል፣ ማለትም አንዱ ቡድን ኳስ እየወረወረ ሌላው በዱላ እየመታ በሚፋለምበትና በአሜሪካ፣ በጃፓንና በካሪቢያን አገሮች ሥር በሰደደው ጨዋታ፣ የቡድኑ ዕጣ ወርዋሪ በሚባለው አንድ ተጫዋች ክንድ ላይ ስለሚንጠለጠል፣ ስለዚህ ጅማት አብልጦ የተጻፈው በዚያ ጨዋታ ዙሪያ ነው። ነገር ግን የጅማቱ ጉዳት በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1946 በፊንላንድ ጦር ወርዋሪዎች ላይ ስለነበር፣ ጉዳዩ ለአካባቢው ከተማ ለጂንካ የባሕር ማዶ ጨዋታ ወሬ ብቻ አይደለም። በአዋቂ ላይ የሚበጠሰው ጅማቱ ሲሆን በልጅ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሸነፈው አጥንቱ ነው፤ ምክንያቱም የልጅ አጥንት ጫፉ አካባቢ ገና ያልጠነከረ፣ አጥንቱ የሚረዝምበት ለስላሳ ክፍል አለው፤ ይህም የዕድገት ሰሌዳ የሚባለው ሲሆን ጅማቱ ያለ ዕረፍት ሲጎትተው ይቆስላል፣ ሲብስም ይላቀቃል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ፍራንክ ጆብ የተባለው ሐኪም የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ የነበረውን የቶሚ ጆንን የተበጠሰ የክርን ጅማት ከሌላ የሰውነቱ ክፍል በተወሰደ ጅማት ተካለት፤ ሰውየውም በ1976 ወደ ሜዳ ተመልሶ እስከ 1989 ድረስ ወረወረ፤ ቀዶ ሕክምናው እስከ ዛሬ የሚጠራው በሐኪሙ ሳይሆን በታካሚው ስም ነው። ይህ ስኬት ግን ያልታሰበ ውጤት አስከተለ፤ ጥገና መኖሩ የታወቀ ዕቃ በጥንቃቄ እንደማይያዝ ሁሉ፣ የወጣቶቹም ክንድ በግዴለሽነት መያዝ ጀመረ። በጃፓን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በሚወዳደሩበት የኮሺየን ውድድር፣ ኮሴይ ዮሺዳ የተባለ ተማሪ በ2018 በአንድ ውድድር ብቻ 881 ኳሶችን ሲወረውር ሕዝቡ ያጨበጨበው በአድናቆት ነበር፤ አዋቂዎቹ አንድ ወርዋሪ በሳምንት ከ500 ኳስ በላይ እንዳይወረውር የከለከሉት በ2020 ነው። በአሜሪካ የልጆች ሊግ ከ2007 ጀምሮ የሚቆጠረው የጨዋታው ዙር መሆኑ ቀርቶ ውርወራው ሆኗል፤ የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75፣ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ ከ85 ኳስ በላይ አይወረውርም፤ 14 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ ልጅ 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። ወላጆችና አሠልጣኞች ለዘመናት የተጨቃጨቁት ልጁ ኳሱን አጣምሞ መወርወር ይገባዋል ወይስ አይገባውም በሚለው ላይ ሲሆን፣ ጥናቶቹ አጥብቀው የሚያመለክቱት ግን ወደ ብዛቱና ወደ ድካሙ ነው፤ በ2006 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ክንዳቸው እየደከመ መወርወርን ልማድ ያደረጉ ወጣቶች ለቀዶ ሕክምና የመዳረግ ዕድላቸው ከሌሎቹ 36 እጥፍ ነበር።

ይህ ሁሉ ሠንጠረዥ ግን በደቡብ ኦሞ የሚጎድለው አንድ ነገር አለ፤ የተሠራው ወደ ሜዳ ሲመጣ ክንዱ ላረፈ ልጅ ነው። በኦሞ ሸለቆ ማሽላው ማፍራት ሲጀምር፣ ግሪሳ የምትባለው በመንጋ የምትንቀሳቀስ ወፍ እህሉን እንዳትጨርሰው ልጆች ማሳው መካከል በተሠራ ማማ ላይ ቆመው በወንጭፍ፣ በድንጋይና በጩኸት ሲከላከሉ ይውላሉ። ወንጭፍ ማሽከርከርና ኳስ መወርወር በእንቅስቃሴ አንድ አይደሉም፤ ይሁንና የሚደክመው ያው ትከሻ፣ ያው የፊት ክንድ ነው፤ ማንም ያልቆጠረው መቶ ውርወራ ደግሞ ከተቆጠረው አያንስም። ከዚህም በላይ ግሪሳ አጥብቃ የምትመገበው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ የታዳጊዎች ልምምድ የሚደረገውም ብዙውን ጊዜ ከትምህርት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እንግዲህ ልጁ ከሁለቱ ወደ አንዱ ይሄዳል፤ ወይም፣ አሠልጣኙ ጨርሶ ሳያውቅ፣ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው ይመጣል። በጄሪካን ውኃ የምትቀዳ ልጃገረድ ጉዳይ ከዚህ የከፋ እንጂ የተሻለ አይደለም፤ የእርሷን ሸክም «ተፈጥሯዊ ዝግጅት» ብሎ ያሞገሰ ሰው ግን እስካሁን አልተሰማም።

ለዚህ ክርክር የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በየቀኑ አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት አልሄደምን፣ ደብተር የሚይዝበት ክንዱስ ሲሮጥ እስከ መጨረሻው ታጥፎ አልቀረምን፣ መከራ አይደለምን ሻምፒዮን የሚያወጣው ይባላል። እርግጥ ነው፤ ኃይሌ ሮጧል። ነገር ግን ያንኑ መንገድ ሮጠው ጉልበታቸውን ይዘው የቀሩት ልጆች ቃለ መጠይቅ አልተደረገላቸውም፤ ከአንድ አሸናፊ ተነስቶ የሥልጠና ሕግ ማውጣት ደግሞ ሎተሪ የደረሰውን ሰው አይቶ ሎተሪን የገቢ ምንጭ እንደማድረግ ነው። የኬንያው ጁሊየስ ዬጎም በቪዲዮ እየተመለከተ ራሱን አስተምሮ በ2015 ቤጂንግ ላይ 92.72 ሜትር ወርውሮ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑ ለዚሁ ክርክር ይጠቀሳል፤ ጠቃሾቹ ግን ዬጎ አዋቂ ሆኖ ያደረገውን ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ያዙታል።

«ባህሉ ራሱ ጨካኝ ነው፣ ስለ ጥንቃቄ ምን ያውቃል» ለሚሉት ደግሞ የደቡብ ኦሞዎቹን ሙርሲዎች የዱላ ፍልሚያ፣ ብዙዎች ዶንጋ የሚሉትን፣ ቀረብ ብሎ መመልከት ይበጃል። ፍልሚያው አጥንት የሚሰብር መሆኑን መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ዳኛ አለው፣ ተፋላሚዎቹ በዕድሜ እርከን የሚቀራረቡ ያላገቡ ወጣቶች ናቸው፣ እጅና ራሳቸውን የሚከላከል መጠቅለያ ያደርጋሉ፣ የወደቀም አይመታም። እኩያ ከእኩያው ጋር ይግጠም የሚለውን ይህን ቀላል ሐሳብ፣ ከ17 ዓመት በታች በሚባሉ የእግር ኳስ ግጥሚያዎች ላይ ጢሙን ተላጭቶ የሚመጣውን «ታዳጊ» ያየ ሰው ዋጋውን ያውቀዋል። ፊፋ ከ2009 ጀምሮ በዚህ የዕድሜ ክልል የዓለም ዋንጫ የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤም አር አይ እየመረመረ ነው፤ መሣሪያው የሚፈልገውም የአንጓው የዕድገት ሰሌዳ ጠንክሮ ከአጥንቱ ጋር መዋሃዱን ነው። ዓለም ውሸትን ለመያዝ ይህን ያህል ተግቶ የሚመረምረው ይኸው ክፍል በእውነተኛው ልጅ ላይ ሲቆስል ግን የሚያየው የለም። የዕድሜ ማጭበርበር የሚጎዳው የተታለለውን ውድድር ብቻ አይደለም፤ ከትልቁ ጋር ለመፎካከር ከአቅሙ በላይ የሚወረውረውንና የሚሮጠውን ትንሹን ነው።

የሚወረወረው መሣሪያም ከዚህ ይቆጠራል። የአዋቂ ወንዶች ጦር 800 ግራም ሲሆን ከ18 ዓመት በታች ላሉ ወንዶች 700፣ ለልጃገረዶች 500 ግራም ነው፤ አንድ ጦር ብቻ ባለበት ትምህርት ቤት ደግሞ ያ አንዱ የአዋቂው የሚሆንበት ዕድል ሰፊ ነው። በዚያ ከመጀመር በቀርከሃ መጀመር ይሻላል። የቤዝቦል ሰዎችም ለልጆች ሜዳውን ራሱን አሳጥረውታል፤ ትልቁ ከ18.44 ሜትር ሲወረውር ትንሹ ከ14 ሜትር ገደማ ይወረውራል። ጂንካ ለዚህ ቦታ አጥታ አታውቅም፤ በከተማዋ መሐል የነበረው የሣር አውሮፕላን ማረፊያ አውሮፕላን በሌለበት ሰዓት ከብት የሚግጥበትና ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት መስክ እንደነበር ነዋሪዎቿ አይዘነጉትም።

የሚያስፈልገው ውድ አይደለም፤ ባለ መስመር ደብተርና እስክሪብቶ ነው። በደብተሩ የመጀመሪያ ረድፍ የሚሰፍረው የተወረወረው ርቀት ሳይሆን ልጁ ያን ዕለት ጠዋት ማሳ ላይ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ነው፤ ሁለተኛው የውርወራው ቁጥር፣ ሦስተኛው ክርኑን ወይም ትከሻውን ያመመው እንደሆነ፣ ይህም አሠልጣኙ ሳይቆጣ ተጠይቆ የሚሞላ ነው። ማሽላው እሸት በሚሆንባቸው ሳምንታት ደግሞ ልምምዱ ከእግር፣ ከዳሌና ከወገብ ሥራ ባያልፍ፣ ጦሩም ግሪሳዋ እስክትሄድ ድረስ ከግድግዳው ባይወርድ፣ የሚቀር ሜዳሊያ የለም።