ገንዘብ ይዞ መንገድ ማጣት

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። እኛ ግን ገንዘቡ በእጅ እያለ የምድሩም መንገድ ሲዘጋ አይተናል።

ከጓደኞቻችን አንዱ ባሕር ማዶ ላለ ትምህርት ቤት ለማመልከት 75 ዶላር ክፈል ተባለ። ብሩን ከዘመድ አዝማድ አጠራቅሞ በባንክ አስቀምጦ ነበር። ነገር ግን በከተማችን ሱቆች የሚሠራው የባንክ ካርዱ ለውጭ ክፍያ አልሠራም አለ። ወደ ባንኩ ቢሄድ «የተቀባይነት ደብዳቤ አምጣ» አሉት። ደብዳቤው ግን የሚገኘው የማመልከቻው ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ነው! ቀኑ ሲጠብበት ደላላ ዘንድ ሄደ። ደላላውም ከባንኩ ዋጋ አስበልጦ ተቀብሎ፣ የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ከፈለለት። ብሩም ዕድሉም በአንድነት ሄዱ።

የዋጋው ነገር ራሱ ቀላል ሸክም አይደለም። ከ1965 ዓ.ም. እስከ 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 4,300 ብር ያህል የነበረው የ75 ዶላር ክፍያም ከ7,500 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚህ ላይ የደላላው ትርፍ ሲጨመር የድኻ ልጅ እንዴት ይችለዋል?

የአገራችን የውጭ ምንዛሪ ውስን መሆኑን፣ መድኃኒትና ነዳጅም የሚገዛው በእርሱ መሆኑን አንዘነጋም። ስለዚህ በሩ ወለል ብሎ ይከፈት አንልም። የምንለው፣ ለማመልከቻና ለፈተና የሚከፈለው ጥቂት ገንዘብ የታወቀ መንገድ ይኑረው ነው። ዩኒቨርሲቲው የአመልካቾችን ስም መዝግቦ፣ ብራቸውን ተቀብሎ፣ ከባንክ ጋር ተስማምቶ በአንድነት ቢከፍል ምን ይቸግረዋል? ባንኩም የምንዛሪውን ዋጋና የአገልግሎቱን ሒሳብ ለይቶ በደረሰኝ ይጻፍልን።

እኛም ከወቀሳ አናመልጥም። በባንክ ሰሌዳ ላይ መግዣና መሸጫ የተባሉ ሁለት ዋጋዎች አሉ፤ ዶላር ለሚፈልግ ሰው የሚታሰብበት ከፍተኛው፣ ማለትም መሸጫው ነው። በ75 ዶላር ላይ የአንድ ብር ልዩነት 75 ብር ነው፤ ይኸውም ለተማሪ የምሳ ገንዘብ ነው። ስንቶቻችን ጠይቀን፣ አስልተን እንከፍላለን? ከደላላ ጋር በጨለማ የተዋዋለ ሰውስ ሲታለል ለማን አቤት ይላል?

የማኅበራችን መሪዎች የማመልከቻው ወራት ሳይደርስ ይህን ጉዳይ ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር በጽሑፍ እንዲያቀርቡልን እንጠይቃለን። ዘንድሮም በቀን ማለፍ ዕድሉን የሚያጣ ጓደኛ እንዲኖረን አንፈልግም።