የልጅ ዓይን አይናር ሲያበዛ

ልጃችን ጧት ሲነሣ ዓይኑ ተጣብቆ አልከፈት ይለዋል። ቀን ዝንብ ይወረዋል። እኛም «የልጅ ነገር ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» እንላለን። አይተወውም! ይህ ትራኮማ ሊሆን ይችላል። ማዝ የምንለው የዓይን በሽታ ነው።

በ1998 ዓ.ም. አገር አቀፍ ጥናት ተደርጎ ነበር። ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ 100 ሕፃናት 40 ያህሉ ትራኮማ ተገኘባቸው።

ልጁ «ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ገባ» እያለ ያሻል። ባለሙያ የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ሲያይ ነጫጭ ፍሬ ፍሬ ነገር ያገኛል። በሽታው ሲደጋገም ቆቡ ከውስጥ ይጠብሳል። ከብዙ ዓመት በኋላ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ሽፋሽፍቱም ብሌኑን ይፍቃል። አያቶቻችን በወረንጦ የሚያስነቅሉት ይህንኑ ነው። የተነቀለው ግን መልሶ ይበቅላል። ቆቡን የሚያቃናው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የጠፋውን ብርሃን ግን አይመልስም።

ለልጁ ቴትራሳይክሊን የሚባል የዓይን ቅባት ይታዘዛል። በሁለቱም ዓይን፣ በቀን 2 ጊዜ፣ ለ6 ሳምንት ይቀባል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በጥቂት ቀን ዓይኑ ጠራ ብለን ቅባቱን እንተዋለን፣ በሽታውም ይመለሳል። 6ቱን ሳምንት እንጨርስ። ሌላው መድኃኒት አዚትሮማይሲን ነው፤ በዘመቻ ጊዜ ቁመት ተለክቶ ይሰጣል። ያን ጊዜ «እኔ ደኅና ነኝ» ብሎ መቅረት አይገባም። በሽታው በቤተሰብ መሃል ይዞራልና።

እንዴት ይዞራል? እናት በነጠላዋ ጫፍ የአንዱን ልጅ ዓይን ትጠርጋለች፣ በዚያው ጫፍ የሌላውን፣ ከዚያ የራሷን። በዚህ በሽታ ከወንድ ይልቅ ሴት የምትታወረው ከልጆች ጋር ስለምትውል ነው። ፊት ለማጠብ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል፤ ሳሙና ባይኖርም ይታጠብ።

የዝንቡም ነገር አለ። በእኛ በሌሞ ያለ ፍግ እንሰት አያምርም፤ ፍጉን ከደጅ አንሥተን ወደ እንሰቱ እንውሰድ። ዓይን ላይ የሚያርፈው ዝንብ ግን ከሁሉ ይበልጥ የሚራባው ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። የሕፃኑም ቢሆን ጉድጓድ ይግባ።

ዓይኑ የሚያመው ልጅ ካለ ሆሳዕና እስክንሄድ አንጠብቅ። መጀመሪያ ለቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናሳያት።