ወገብ ላመመው ሰው ማስታገሻ ብቻ ይበቃል?

ካምፕ ውስጥ ወገቡን ያመመው ሰው ክሊኒክ ሲሄድ ምን ይጠብቃል? እንደማየው ከሆነ በእጅ ተዳስሶ መመርመር፣ ምክንያቱን መስማት፣ ጀሪካን እየተሸከመ እንዴት እንደሚኖር መመከር። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ግን ፓራሲታሞል ነው። ከዚያ በቃ ወጌሻ ጋር ይሄዳል፤ እኔ አልፈርድበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም ምክርን፣ የአካል እንቅስቃሴንና ማሸትን አካቷል። በ2025 የአሜሪካ ዕርዳታ ከተቀነሰ ወዲህ ካኩማን የመሰሉ ካምፖች ጫና ላይ ናቸው። አምስት ደቂቃ ማስረዳት ግን ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ስለዚህ ጠይቁ፦ «ሕመሙ ከምን መጣ? ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ልሥራ?»

እግራችሁ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃታችሁ ግን ወጌሻ ጋር ሳይሆን በፍጥነት ሐኪም ጋር ሂዱ።