የመዋጮው ሒሳብ ይለጠፍ!



ለቦይ፣ ለመንገድ መብራት፣ ለጥበቃ አዋጡ ስንባል አዋጥተናል። ታዲያ ሒሳቡ የታለ? ወረዳ ሄደን ስንጠይቅ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እንባላለን። እሳቸው ሲዛወሩ ደግሞ ተተኪው «እኔ አልነበርኩም» ይላሉ። ሰው ቢቀያየር መዝገብ አይቀያየርም!

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ፣ ኃላፊውም ተጠያቂ እንዲሆን ደንግጓል። ወረዳም መንግሥት ነው። የእድራችን ገንዘብ ያዥ እንኳ ሒሳቡን ሳያስረክብ አይወርድም!

ስለዚህ አዲስ መዋጮ ከመጠየቁ በፊት የቀድሞው ገቢና ወጪ በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ! ያለ ደረሰኝ አንክፈል! እኛም ብንሆን ከስብሰባ ቀርተን ቤታችን ብናጉረመርም ቦዩ አይጠረግም። እንውጣ፣ እንጠይቅ!